ትራፒዚየም ነው ወይስ ትራፒዞይድ? ስሙስ ከየት መጣ?

ጥያቄው ከአንዲት በሜሪላንድ ከምትኖር እናት የመጣ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ልጄ የሒሳብ የቤት ሥራዋ ላይ ሁለት ትይዩ ጎን ያለውን ጎነ አራት ‹ትራፒዞይድ› ብላ ጻፈች። እኔ አገር ቤት የተማርኩት ‹ትራፒዚየም› ብዬ ነው። አስተካክይው አልኳት። አስተማሪዋ ደግሞ የኔን እርማት ስህተት ነው ብላ መለሰችው። ማናችን ነን ልክ? ለመሆኑ የስሙ ትርጉም ምንድን ነው?»

እህቴ፣ በቅድሚያ ሐሳብ አይግባዎ። እርስዎም አስተማሪዋም ልክ ናችሁ። ቅርጹ አንድ ነው። በእንግሊዝ አገርና የእንግሊዝን አጠራር በያዙ አገሮች፣ የኛን ጨምሮ፣ ትራፒዚየም ይባላል። በአሜሪካ ደግሞ ትራፒዞይድ ነው። ልጅዎ የምትማረውም የምትፈተነውም አሜሪካ ስለሆነ ትምህርት ቤት ውስጥ ትራፒዞይድ ብላ ትጻፍ። የእርስዎን ስም ግን ስህተት ነው ብላ እንዳትይዘው። ዕድሜው ከአሜሪካው አጠራር በብዙ ይበልጣል።

ለቤት ሥራው ይህ ይበቃል። ስለ ትርጉሙ ያነሱት ጥያቄ ግን ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። እኔም በደስታ ነው የምመልሰው፤ ምክንያቱም ከጎነ ብዙ ስሞች ሁሉ ለአማርኛ ተናጋሪ የዚህን ያህል የሚቀርብ ስም የለም።

ስሙ የግሪክ ነው። ሥሩ «ትራፔዛ» የሚል ቃል ነው። ትራፔዛ ማለት ጠረጴዛ ነው። ድምፁ እንዲሁ በአጋጣሚ የተመሳሰለ እንዳይመስልዎ። ጠረጴዛ የምንለው ቃል ራሱ ያው የግሪኩ ትራፔዛ ነው። ግሪኮች አንድን ነገር አሳንሰው ሲጠሩ መጨረሻው ላይ «ዮን» ይጨምራሉ። ስለዚህ «ትራፔዝዮን» ማለት ትንሽ ጠረጴዛ ማለት ነው። ላቲን ጸሐፊዎች ሲወስዱት መጨረሻው «የም» ሆነ። ትራፒዚየም የመጣው እንዲህ ነው።

ፊደሎቹን ልብ ብለው ይዩልኝ። ጴጥሮስ፣ ጳውሎስ፣ ጳጳስ፣ ኤጲስ ቆጶስ የሚሉት ቃላት ከግሪክ የመጡ ናቸው። ግሪኮች ጴጥሮስን «ፔትሮስ» ነው የሚሉት። ወደ ግዕዝ ሲገባ ተ ወደ ጠ፣ ፐ ወደ ጰ ጠነከረ። ትራፔዛም ጠረጴዛ ሲሆን የሄደበት መንገድ ይኸው ነው። ትራፒዚየም ግን ዘግይቶ በእንግሊዝኛ የሒሳብ መጽሐፍ በኩል ስለገባ በ ት እና በ ፒ ተጻፈ። ፖሊስ፣ ፖስታ፣ ፓስፖርት እንደምንለው ማለት ነው። አንድ ቃል በሁለት የተለያዩ ዘመናት ሁለት ጊዜ ወደ ቋንቋችን ገብቷል። መጀመሪያ የቤት ዕቃ ሆኖ፣ ኋላ ቅርጽ ሆኖ። እኔ ተማሪዎች ይህን እንዲያውቁ አጥብቄ እፈልጋለሁ። ትራፒዚየም ብሎ ለመሸምደድ የሚቸገር ልጅ ጠረጴዛን ካስታወሰ ግማሹን መንገድ ጨርሷል።

ትራፔዛ ራሱ ደግሞ ሲፈታ «ባለ አራት እግር» ማለት ነው። «ትራ» የአራት ቁጥር ቅሪት ነው፤ «ፔዛ» እግር ነው። ቃሉ በጣም ያረጀ ነው። ሊኒየር ቢ በሚባለው፣ ከግሪክ ፊደል መፈጠር በፊት በነበረው ጽሕፈት፣ ግሪክ አገር ባለው የፒሎስ ቤተ መንግሥት ውስጥ በተገኙ የሸክላ ሰሌዳዎች ላይ ተጽፎ ይገኛል። ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1200 አካባቢ ነው። ሰሌዳዎቹ የቤተ መንግሥቱን ዕቃ የሚቆጥሩ መዝገቦች ናቸው። ከጠረጴዛዎቹ መካከል ባለ ስድስት እግርና ባለ ዘጠኝ እግር ተብለው የተመዘገቡ አሉ። ባለ አራት እግር የሚለው ስም ያን ጊዜም ቢሆን ከእግር ቁጥር ተላቆ ዕቃውን ብቻ የሚጠራ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ስም እንዲህ ነው። አንዴ ከተለመደ ሰው ፍቺውን አያስብም።

ስሙ ከመውጣቱ በፊት ግን ቅርጹ ነበር። ከጥንት ጀምሮ የእርሻ መሬት የሚለኩ ሰዎች በየቀኑ ያገኙታል። አንድ ማሳ በላይ በኩል ጠበብ፣ በታች በኩል ሰፋ ሲል ስፋቱ እንዴት ይሰላል? ግብፃውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት 1550 አካባቢ ይህን በጽሑፍ ፈትተውታል። ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው የራይንድ ፓፒረስ 52ኛ ጥያቄ ላይ አንድ ማሳ ተሰጥቷል። አንዱ ጎን 6፣ ትይዩው 4፣ ርዝመቱ 20 ነው። ጸሐፊው አህሞሴ 6ን ከ4 ደመረ፣ 10 አገኘ። ግማሹን ወሰደ፣ 5 ሆነ። በ20 አባዛው፣ 100 መጣ። ልጅዎ ዛሬ የምትማረው ቀመር ይኸው ነው፤ አንድም ነገር አልተለወጠበትም። ግብፃውያን ቅርጹን የጠሩት «የተቆረጠ ሦስት ማዕዘን» በሚል ስሜት ነው። በኔ እምነት ጥሩ ስም ነው። የሦስት ማዕዘንን ጫፍ ከመሠረቱ ጋር ትይዩ አድርገው ቢቆርጡት የሚቀረው ትራፒዚየም ነውና።

ባቢሎናውያን ደግሞ «የበሬ ግንባር» ይሉት ነበር። የበሬን ፊት ከፊት ለፊት ላየ ሰው ግልጽ ነው። ላይ በቀንዶቹ መካከል ሰፋ ይልና ወደ አፍንጫው ይጠብባል። በአማርኛም «የበሬ ግንባር የምታህል መሬት» እንላለን። የኛው ግን ስለ መሬቱ ትንሽነት እንጂ ስለ ቅርጹ አይደለም፤ ከባቢሎን ጋርም የሚያገናኘው ነገር የለም። ያም ሆኖ ሁለቱም ስለ መሬት መሆናቸው ደስ ይላል።

ባቢሎናውያን በዚህ ቅርጽ የሠሩት ነገር በጣም የሚደነቅ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የሥነ ፈለክ ሊቃውንቶቻቸው ከ350 እስከ 50 ዓመተ ዓለም ባለው ጊዜ በጻፏቸው የሸክላ ሰሌዳዎች ላይ ጁፒተር የተባለችው ፕላኔት በሰማይ ላይ የምትጓዘውን ርቀት በትራፒዚየም አስልተዋል። ፕላኔቷ በቀን 12 ደቂቃ ማዕዘን ትጓዝ ነበር (60 ደቂቃ ማዕዘን አንድ ዲግሪ ነው)። ከ60 ቀን በኋላ ፍጥነቷ ወደ 9 ተኩል ይወርዳል። ሁለቱ ፍጥነቶች እንደ ትይዩ ጎኖች፣ 60ው ቀን እንደ ቁመት ይወሰዳሉ። ደምሮ፣ ለሁለት ከፍሎ፣ በ60 ማባዛት ነው። 10 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ይመጣል። ማትዩ ኦሰንድራይቨር የተባለ የጥንታዊ ሳይንስ ተመራማሪ ይህን በ2016 እስኪያሳትም ድረስ፣ እንዲህ ያለው ስሌት በ14ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ የተጀመረ ነበር የሚመስለው።

ወደ ስሙ ልመለስ። ትራፔዝዮን የሚለው ስም በሒሳብ ጸንቶ የቆየው በዩክሊድ ምክንያት ነው። ዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 አካባቢ በእስክንድርያ ያስተምር የነበረ ሊቅ ነው። በመጀመሪያው መጽሐፉ 22ኛው ብያኔ ላይ ጎነ አራቶችን በስም ይለያል። ካሬን ይጠራል፣ ሬክታንግልን ይጠራል፣ ሮምበስንና ሮምቦይድን ይጠራል። ከዚያ «ከእነዚህ ውጪ ያሉት ጎነ አራቶች ትራፔዝያ ይባሉ» ይላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዩክሊድ ስለ ትይዩ ጎን አንዳች አላነሳም። ለእሱ ትራፒዚየም ማለት የተረፈው ሁሉ ነው፤ ሁለት ትይዩ ጎን ያለውም፣ ምንም ትይዩ የሌለውም። ለዚህ ነው አርኪሜደስ ስለ ቅርጹ የክብደት ማዕከል ሲጽፍ «ሁለት ትይዩ ጎን ያለው ትራፔዝዮን» ብሎ መግለጫ የጨመረው። ስሙ ብቻውን አይበቃም ነበር።

ችግሩን ያጠራው ሌላ ሊቅ ነው። ፕሮክለስ ይባላል፤ በ5ኛው ክፍለ ዘመን በአቴንስ ያስተማረ ፈላስፋ ነው። በዩክሊድ ላይ በጻፈው ሐተታ ፖሲዶንየስ የተባለ ቀደምት ግሪካዊ ፈላስፋ ያወጣውን አከፋፈል ያቀርባል። በዚያ አከፋፈል ሁለት ጎኖቹ ብቻ ትይዩ የሆኑት ትራፒዚየም ናቸው። ምንም ትይዩ ጎን የሌለው ትራፒዞይድ ነው።

«ኦይድ» የሚለው ቅጥያ «መሳይ» ማለት ነው። ሮምቦይድ ማለት ሮምበስ መሳይ ነው፤ ሮምበስ ግን አይደለም፣ ጎኖቹ እኩል አይደሉምና። ትራፒዞይድም እንደዚሁ ትራፒዚየም መሳይ ነው። አራት ጎን አለው፤ ጎኖቹ አይስተካከሉም፤ ግን ትይዩነት ይጎድለዋል። አያያዙ እርስ በርሱ የተስማማ ነው። ዋናው ነገር ዋናውን ስም ያዘ፣ የሚመስለው ደግሞ «መሳይ» ተባለ።

ታዲያ አሜሪካኖች ጋ ለምን ተገለበጠ?

ዩክሊድ በ1570 በሄንሪ ቢሊንግስሊ ለመጀመሪያ ጊዜ በእንግሊዝኛ ሲታተም ተርጓሚው ትራፔዝያ የሚለውን ይዞ አጠገቡ «ጠረጴዛዎች» ብሎ ፈትቶት ነበር። ትርጉሙ ገና አልጠፋም ነበር ማለት ነው። መገልበጡ የታየው በ1795 ነው። ቻርለስ ኸተን የተባለ፣ በዉልዊች የጦር አካዳሚ ሒሳብ የሚያስተምር እንግሊዛዊ፣ ትልቅ የሒሳብ መዝገበ ቃላት አሳተመ። እሱ ላይ ሁለቱ ስሞች ቦታ ተለዋወጡ። ሁለት ትይዩ ጎን ያለው ትራፒዞይድ ተባለ፤ ምንም የሌለው ትራፒዚየም ሆነ። ለዚህ ከጥንት ድጋፍ የሚሆን አልነበረም። መጽሐፉ ግን ብዙ ሰው ይጠቀምበት ስለነበር አጠራሩ ተስፋፋ። አሜሪካኖች ያኔ የራሳቸውን የመማሪያ መጽሐፍ እያዘጋጁ ስለነበር እሱን ይዘው ቀሩ። እንግሊዞቹ ራሳቸው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ወደ ቀድሞው ተመለሱ። የኛ የሒሳብ ትምህርት የተመለሰውን አጠራር ነው የወረሰው።

ስለዚህ ከታሪክ አንጻር ማን ትክክል ነው ቢሉኝ እርስዎ ነዎት። ይህን ስል ግን የልጅዎን አስተማሪ መውቀሴ አይደለም። አስተማሪዋ አገሯ የተስማማበትን ስም ነው የምታስተምረው፤ ያንን ማድረግ ደግሞ ግዴታዋ ነው። የምከራከረው አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው። ከሌላ አገር የመጣ ወላጅ ወይም ተማሪ ትራፒዚየም ብሎ ሲጽፍ በቀይ እስክሪብቶ መሰረዝ ተገቢ አይደለም። «እዚህ እንዲህ እንለዋለን» ማለት ይበቃል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በድሮ የአሜሪካ መጽሐፍ ውስጥ «ትራፒዚየም» የሚል ካገኛችሁ የኛን ቅርጽ አይደለም የሚያወራው፤ ምንም ትይዩ ጎን የሌለውን ነው። በዛሬ የእንግሊዝ መጽሐፍ ደግሞ ምንም ትይዩ ጎን የሌለው «ትራፒዞይድ» የሚባለው ነው። ስለዚህ ስሙን ሳይሆን ብያኔውን አንብቡ። ከፍ ባለው የሒሳብ ትምህርትም ይህ ይገጥማል። በጥምዝ መስመር ሥር ያለን ስፋት በቀጫጭን ትራፒዚየሞች ከፋፍሎ የመገመት ዘዴ አለ። እንግሊዝ አገር የትራፒዚየም ደንብ ይሉታል፣ አሜሪካ የትራፒዞይድ ደንብ። ዘዴው አንድ ነው።

ሌላ አገር ለምትኖሩ ወላጆችም ልጨምር። ጀርመን ያላችሁ ልጆቻችሁ «ትራፔትስ» ይሏችኋል። ጣሊያን «ትራፔዚዮ» ነው። እስራኤል «ትራፔዝ» ይባላል። ሁሉም ያንኑ ጠረጴዛ ነው የሚጠሩት፤ ሁሉም ሁለት ትይዩ ጎን ያለውን ማለታቸው ነው። ልዩ የሆነው ዐረብኛው ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ልጆቻችሁ «ሺብህ ሙንሐሪፍ» የሚል ይዘው ይመጣሉ። ሙንሐሪፍ ማለት ከቀጥታ የወጣ፣ ያዘነበለ ማለት ነው፤ ሺብህ ማለት ደግሞ መሳይ። ዩክሊድን ወደ ዐረብኛ የተረጎሙት ሊቃውንት ትራፔዝያን በድምፁ አልወሰዱትም። የቅርጹን ጠባይ በራሳቸው ቃል ነው የጠሩት። ቻይናዎችም የራሳቸውን ስም አውጥተውለታል። «የመሰላል ቅርጽ» ይሉታል።

ስሙ ከሒሳብ ውጪ የወለዳቸው ዘመዶችም አሉት። ጥቁር ባሕር ዳር ያለችው የቱርክ ከተማ ትራብዞን በጥንቱ ግሪክ ትራፔዙስ ነበረች፤ ጠረጴዛ በመሰለው ኮረብታዋ ምክንያት። የሰርከስ ሰዎች የሚወዛወዙበት በሁለት ገመድ የተንጠለጠለ ዘንግ ትራፒዝ ይባላል፤ ገመዶቹ፣ ዘንጉና ላይ ያለው ማሰሪያ ተደምረው ይህንኑ ቅርጽ ስለሚሠሩ ነው። ከአንገታችን እስከ ትከሻችንና እስከ ጀርባችን የተዘረጋው ሰፊ ጡንቻም ትራፒዚየስ ነው። አንጓችን ላይ፣ ከአውራ ጣት በኩል፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ትናንሽ አጥንቶች አሉ። የአንዱ ስም ትራፒዚየም ነው፤ የሌላው ትራፒዞይድ። እዚህ ሁለቱ ስሞች ሳይጣሉ አብረው ይኖራሉ። የሕክምና ተማሪ ግን ቢያቀያይራቸው አጥንት ነው የሚሳሳተው።

ዘመናዊ ግሪክኛ ላይ ደግሞ ትራፔዛ ማለት ባንክ ነው። አቴንስ የሄደ ሰው በትልልቅ ሕንጻዎች ላይ ያነበዋል። በጥንቱ ዘመን ገንዘብ ለዋጮች ገበያ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ይሠሩ ስለነበር ነው። ክርስቶስ በቤተ መቅደስ የገለበጣቸው የለዋጮች ገበታዎችም በግሪኩ ወንጌል የተጠሩት በዚሁ ቃል ነው። በግሪክ ቤተ ክርስቲያንም መሥዋዕቱ የሚቀርብበት መንበር እስከ ዛሬ ቅድስት ትራፔዛ ይባላል።

አሁን ልጅዎ ምናልባት የምታነሳልዎትን ጥያቄ ልመልስ፤ ከስሙ ይልቅ ፈተና ላይ ነጥብ የሚያስጥለው ይሄኛው ነውና። ፓራለሎግራም ትራፒዞይድ ነው ወይስ አይደለም? መልሱ በብያኔው ላይ ይወሰናል። «አንድ ጥንድ ትይዩ ጎን ብቻ ያለው» ከተባለ አይደለም፤ ፓራለሎግራም ሁለት ጥንድ አለውና። «ቢያንስ አንድ ጥንድ ትይዩ ጎን ያለው» ከተባለ ግን ነው። ያኔ ሬክታንግልም፣ ካሬም፣ ሮምበስም ሁሉም ትራፒዞይድ ይሆናሉ። የአሜሪካ መጽሐፎች በዚህ አይስማሙም። አንዱ የመጀመሪያውን ይይዛል፣ ሌላው ሁለተኛውን።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ምክንያቴ ቀላል ነው። ለትራፒዚየም የተረጋገጠ ነገር ሁሉ ወዲያው ለፓራለሎግራምም ይሠራል። የስፋት ቀመሩን ይውሰዱ። ሁለቱን ትይዩ ጎኖች ደምሮ፣ ለሁለት ከፍሎ፣ በቁመት ማባዛት ነው። ሁለቱ ጎኖች እኩል ቢሆኑ ቀመሩ ራሱ የፓራለሎግራሙን ይሰጣል፤ መሠረት በቁመት። ልጅ ሁለት ቀመር ከሚሸመድድ አንዱን ተረድቶ ሌላውን ቢያወጣው ይሻላል። ፕሮክለስ ያቀረበው አከፋፈል ግን የመጀመሪያውን መንገድ ነው የሚከተለው፤ ፓራለሎግራሞችን ለብቻቸው ያስቀምጣል። ስለዚህ የመጀመሪያውን የሚያስተምር መምህርም የቆየ ሥር አለው።

የልጅዎን መጽሐፍ ይክፈቱና የብያኔውን ዓረፍተ ነገር አብራችሁ አንብቡ። «ብቻ» ነው የሚለው ወይስ «ቢያንስ»? ግልጽ ካልሆነ ልጅቷ ራሷ አስተማሪዋን ትጠይቅ። ጥያቄው እንዲህ ይሁን፦ «በኛ ክፍል ካሬ ትራፒዞይድ ነው?» የመልሱን አንድ ቃል ደብተሯ ላይ ትጻፈው።